ፋሚሊ ማን፣ የዌይለርስ አባወራ

እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ጥር 29 ነው፤ የቦብ ማርሊ ልደት። ስለ ቦብ ብዙ ተብሏል፤ ከእኔ በኋላ የሚናገሩትም ይጨምሩበታል። እኔ ግን አዘጋጆቹን ለምኜ ይህችን ደቂቃ የወሰድኳት፣ ከቦብ ኋላ ቆሞ ሲጫወት ስለኖረ ሰው ለማውራት ነው። ስሙ አስተን ባሬት ነው፤ የቦብ ባንድ የዌይለርስ የቤዝ ጊታር ተጫዋች። ዓለም «ፋሚሊ ማን» ይለዋል። ሙዚቀኞች አሳጥረው «ፋምስ» ይሉታል። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ጋሽ አስተን መባሉ አይቀርም ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። መድረክ ላይ ቆሜ ስደምር ስቀንስ እንዳልሳሳት ነው፤ ይቅር በሉኝ። እኔም ቤዝ ነው የምጫወተው። ስለዚህ ትንሽ ባዳላ አይግረማችሁ።

ፋምስ በ1946 ኪንግስተን ተወለደ። በወጣትነቱ በብየዳ ሥራ ይተዳደር ነበር። ቤዝ ጊታር መግዣ ግን ከየት ይምጣ? ስለዚህ ራሱ ሠራው። ሆዱን ከኮምፔንሳቶ ቆረጠ። አንገቱን ከሞራሌ አወጣ። ክሩ የመጋረጃ ዘንግ ነው። ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ የሲጋራ መተርኮሻ ገጠመበት። ታናሽ ወንድሙ ካርልተን በበኩሉ የቀለም ቆርቆሮ ደርድሮ ድራም አደረገ። በኋላ ዓለምን ያስጨፈሩት ወንድማማቾች እንዲህ ነው የጀመሩት።

በ1960ዎቹ መጨረሻ «ሂፒ ቦይስ» የሚባል ባንድ ነበራቸው። ስቱዲዮ ለስቱዲዮ እየዞሩ ለማንም ይቀዱ ነበር። የቼልሲ ደጋፊ እዚህ አለ? እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ! ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ተጫዋቾቹ ሲገቡ የሚከፈተውን በኦርጋን የሚጫወት ዜማ ታውቁታላችሁ። «ሊኩዊዴተር» ይባላል፤ በ1969 ጃማይካ ውስጥ የተቀዳ ነው። ቤዙ የፋምስ ነው። ስንት ቅዳሜ ሰምታችሁታል፣ ስሙን ግን ዛሬ ነው የምትሰሙት። የቤዝ ተጫዋች ዕጣ ይኼው ነው።

«ፋሚሊ ማን» የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ ነው። ያኔ ገና አንድ ልጅ አልነበረውም። ባንድ አቋቁሜ እንደ ቤተሰብ አንድ ላይ አቆያለሁ ብሎ ያሰበ ወጣት ነው። ልጆቹ በኋላ መጡ። ሲመጡም መጡ ነው የሚባለው! ጋዜጦች 41 ልጆች ብለው ጽፈዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሙዚቀኛ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ በጉዞ ላይ የሚኖር ሰው ለ41 ልጅ እንዴት እንደሚዳረስ አይገባኝም። እሱን ለልጆቹና ለእናቶቻቸው ልተወው። እኔ መመስከር የምችለው በባንዱ ውስጥ ስለነበረው አባትነት ነው።

ቦብ ጊታሩንና ግጥሙን ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ግንባታ በአብዛኛው የፋምስ ነው። የባንዱ መሪ እሱ ነበር። ቤዙን ያወጣል፤ ኪቦርዱ የት እንደሚገባ፣ ጊታሩ የት እንደሚቆርጥ ያስተካክላል። የተቀዱት ድምፆች ሲቀላቀሉ፣ ሚክስ ሲደረግም እሱ እዚያው ነው። ካርልተን ደግሞ ድራሙ ላይ አለ። የሬጌን «ዋን ድሮፕ» የሚባለውን የድራም አመታት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያው ምት ባዶ ይሆናል፤ ከባዱ ምት ሦስተኛው ላይ ያርፋል። ያ ባዶ ቦታ ለቤዝ ተጫዋች ፈተና ነው። ጀማሪ ሁሉ ሊሞላው ይፈልጋል፤ እኔም ጣቴን ይበላኛል። ፋምስ ይተወዋል። ቆይቶ ይገባና ያዜማል። ቤዝ ስጫወት በወፍራም ድምፅ እንደምዘፍን አድርጌ ነው የማስበው ይል ነበር። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ ከቦብ ዘፈኖች የምትወዱትን ክፈቱ፤ ግጥሙን ተዉትና ቤዙን ብቻ አንጎራጉሩ። ራሱን የቻለ ሌላ ዘፈን ታገኛላችሁ። በ2005 ለቦብ መታሰቢያ ኮንሰርት መስቀል አደባባይ የሞላው ሕዝብ ከቦብ ዜማዎች ጋር አብሮ ሲወዛወዝ፣ ወገቡን ያወዛወዘው ይኼ ሰውዬ የፈጠረው ነገር ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ከቦብ ጋር ይዘፍኑ የነበሩት ፒተር ቶሽና በኒ ዌይለር ከባንዱ ወጡ። ቤት ሊፈርስ ይችል ነበር። ወንድማማቾቹ ባሬቶች ግን ከቦብ ጋር ቀሩ። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ትልልቅ አልበሞች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ከነዚያ በአንዱ ላይ፣ በ1976፣ ለእኛ ቅርብ የሆነ «ዋር» (ጦርነት) የሚባል አንድ ዘፈን አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በአማርኛ ያደረጉት ንግግር ነው ግጥሙ። በደራሲነት ከተመዘገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ካርልተን ባሬት ነው። ንጉሡ ኒውዮርክ ላይ በቋንቋችን የተናገሩት፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ በካርልተን ድራምና በወንድሙ ቤዝ ላይ ተቀምጦ ተመልሶ እኛ ጋ መጣ።

ከዚያ የሐዘኑ ዘመን ነው። ቦብ በ1981 አረፈ። በ1987 ካርልተን ኪንግስተን ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት ፒተርም ተገደለ። ፋምስ ግን ዌይለርስን ይዞ ከአገር አገር መዞሩን ቀጠለ። የሞቱበትን ሰዎች ሙዚቃ በየመድረኩ እየተጫወተ ኖረ ማለት ነው። እኔ አንድ ጓደኛዬ የሞተ ሰሞን የእሱን ዜማ ለመጫወት እጄ እምቢ ብሎኝ ያውቃል።

ስለ ገንዘቡ ካላወራሁ ደግሞ ሙዚቀኞቹ ይታዘቡኛል። በ2006 ለንደን ላይ፣ ከዘፈኖቹ ገቢ ያልተከፈለኝ ድርሻ አለ ብሎ ሪከርድ ኩባንያውንና የማርሊን ቤተሰብ ከሰሰ። የጠየቀው ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ተረታ። ዳኛው ከዓመታት በፊት የፈረመውን የስምምነት ውል አንስተው ነው የወሰኑበት። ሕግ አዋቂ አይደለሁም፤ ፊርማ ፊርማ ነው። ግን ያንን ቤዝ ከዘፈኖቹ ላይ አንሱትና ምን እንደሚቀር ስሙ። ልጆች፣ እዚህ ያላችሁ ጀማሪዎች፣ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት ማን ምን እንደፈጠረ ወረቀት ላይ አስፍሩ። የሚሳሳቅ ጓደኛ ሁሉ ነገ በፍርድ ቤት ላይስቅ ይችላል።

ዕድሜው ሲገፋ ሕመም መጣ፤ መጓዝም አቃተው። ባንዱን ስሙን የወረሰው ልጁ አስተን ባሬት ጁኒየር ተረከበ። ልጁ በአጎቱ በካርልተን ቦታ ድራም ላይ የተቀመጠ ነው። በ2021 ጃማይካ ለፋምስ የክብር ኒሻን ሰጠችው። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2024 ማያሚ ውስጥ በ77 ዓመቱ አረፈ። ከ11 ቀን በኋላ ስለ ቦብ የተሠራው ትልቁ ፊልም ለዓለም ወጣ። እዚያ ፊልም ላይ ፋምስን ሆኖ የተጫወተው ጁኒየር ነው። አባቱን ቀብሮ ሳይጨርስ አባቱን ሆኖ ስክሪን ላይ ታየ።

በሉ፣ ልጆቹ ከኋላዬ መሣሪያቸውን እየቃኙ ነው፤ ልልቀቅላቸው። ቤዝ ላይ ያለው ወንድሜ ዛሬ ወደፊት ወጥተህ ቁም፤ ዘፋኙ ትንሽ ጠጋ ይበልልህ። ሳውንድ ላይ ያለኸው ወዳጄም አንድ ነገር ልለምንህ፦ ቤዙን ከፍ አድርግልን!