ባልና ሚስት በአዲስ በረዶ ላይ፦ ከቤር ሌክ እስከ ኤመራልድ ሌክ

[ምስል፦ ሌሊቱን በረዶ የጣለበት የቤር ሌክ መኪና ማቆሚያ]

ቤር ሌክ በኮሎራዶ ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ወደ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ገብቶ ቤር ሌክ የሚያደርሰው መንገድ በብርድ ወራትም ይሠራል። ቦታው 2,880 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባን በ500 ሜትር ያህል ይበልጣል። ከዚያ በኒምፍና በድሪም ሐይቆች በኩል ኤመራልድ ሐይቅ ድረስ የእግር መንገዱ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ሽቅቡም 200 ሜትር ገደማ ነው። አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። በአዲስ በረዶ ግን በበጋ የሚፈጀውን ጊዜ እጥፍ ያዙለት። በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ አቆጣጠር 4:40 አካባቢ ነውና ጠዋት 9:00 ላይ ጀምሩ፤ ከሰዓት 1:00 ሲል የትም ብትሆኑ ተመለሱ። ይህንን መኪናው ውስጥ እያላችሁ ተስማሙ፤ ሐይቁ «እዚህ ጋ ነው» በሚባልበት ሰዓት መከራከር አይሆንም።

[ምስል፦ የበረዶ ናዳ ትንበያ በስልክ ላይ]

ከቤት ሳትወጡ የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን የዕለቱን ትንበያ ክፈቱ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 «መካከለኛ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሞተው በ5 ሳይሆን እንዲህ ባለው ቀን ነው። በረዶ በጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በተለይ ነፋስ ከነበረ፣ ከኒምፍ ሐይቅ ተመለሱ። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ነው፤ ከሥሩ ያለው ሜዳም የናዳው ማረፊያ ነው። የተቀበረ ሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል፤ ተጠርቶ የሚመጣ ዕርዳታ አይደርስለትም። ሰው የረገጠው ዱካ ቢኖርም አትመኑት፤ ናዳ ወዳለበት የሚወጡ የበረዶ ሸርታቴ ተጫዋቾች ያለፉበት ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ላይ የረጋ በረዶም ውኃ በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል ይሳሳል።

[ምስል፦ ሁለት ሰዎች በስኖውሹ (በረዶ ውስጥ እንዳይሰምጡ ጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ)፣ አንዱ ከፊት]

ለሁለት ሲሄዱ ችግር የሚያመጣው የፍጥነት ልዩነት ነው። ፈጣኑ ቀድሞ ይሄድና ቆሞ ይጠብቃል፤ ላብ ያራሰው ልብስ ገላው ላይ ይቀዘቅዛል። ቀስ የሚለው ለመድረስ ሲጣደፍ ያልበዋል፤ ሲደርስ ያኛው አርፎ ጨርሷልና ይነሳል፤ ይሄኛው ሳያርፍ ይከተላል። መንገዱ ተረግጦ ከጠነከረ ቀስ የሚለው ይቅደም፤ ለዚህ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስ ይበቃል። እግር እስከ ጉልበት የሚሰምጥ ከሆነ ግን ስኖውሹ አድርጉና ጉልበተኛው ከፊት ይርገጥ። በረዶውን መርገጡ ራሱ ያዘገየዋል፤ የኋለኛውም በዱካው ላይ ይሄዳል። ጉልበተኛው እንዳያልበው በየ10 ደቂቃው ተቀያየሩ።

ስትነሱ ትንሽ ብርድ ብርድ ሊላችሁ ይገባል። ከመኪናው ስትወጡ ሙቀት ከተሰማችሁ አንድ ልብስ አውልቁ። ገላ የሚነካው ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ ከራሰ አያሞቅም (ጋቢ መኪና ውስጥ ይቆያል)። ከድሪም ሐይቅ በላይ ነፋስ ስለሚበረታ ወፍራሙን ጃኬት ከዛፎቹ ሳትወጡ ልበሱ፤ ነፋሱ ውስጥ ጓንት አውልቆ ዚፕ መፈለግ ጣት ያደነዝዛል።

የውኃ ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ ያዙ፤ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ አይዘጋባችሁም። ስልክ በውስጥ ኪስ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ዳቦ ቆሎ አይቀዘቅዝም፤ ቸኮሌት ግን ጥርስ ይሰብራል።

[ምስል፦ የፊት ቅርብ ምስል፣ ጉንጭ ላይ ነጭ ነጥብ]

በየግማሽ ሰዓቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ ተያዩ። አፍንጫ፣ ጉንጭ ወይም ጆሮ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ብርድ መትቶታል፤ ባለቤቱ አይሰማውም። በሞቀ መዳፍ ሸፍኑት፤ አትሹት፣ በረዶም አታስነኩት። ምላሱ የሚኮላተፍ ወይም አውራ ጣቱን ከትንሽ ጣቱ ጋር ማገናኘት ያቃተው ሰው የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ነው። «ደህና ነኝ» ቢልም አትስሙት፤ ልብስ ጨምሩለት፣ ጣፋጭ ሻይ ስጡትና ወዲያው ተመለሱ።

የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ላለ ሰው ንገሩ፤ ካለፈ 911 ይደውል። መንገዱ ላይ ኔትወርክ አትጠብቁ፤ ከፓርኩ ስትወጡ ያለችው ከተማ ኤስቲስ ፓርክ እንደደረሳችሁ «ወርደናል» ብላችሁ ጻፉለት።