ጅብ ያልበላው በግ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የልጅ ልጄ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «አባባ፣ ዝም ብለህ አውራ» ብሎኝ ወጣ። 40 ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰውዬ፣ ዛሬ ለስልክ ማውራት አቃተኝ።

ስለ ፈረቃው፣ በ1990ዎቹ ስለመጣብን ፕላዝማ፣ ክፍል ውስጥ በቴሌቪዥን ስለሚሰጠው ትምህርት፣ ንገረን የሚሉኝ አሉ። ፕላዝማውን ተዉት፤ መምህሩን ማብሪያ ማጥፊያ አደረገውና አለፈ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ እናቴ ነው። ተማሪዬ ነበረች፤ በመዝገብ።

በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቢቸና አስተምር ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴ እኔው ዘንድ ነበረች። የመጀመሪያው ዙር ለከተማ ሰው ስለሆነ፣ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በፋኖስ እናስተምራለን። ዘመቻው እያደር በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ እኛ ጋ ያው አማርኛ ነው።

በመጀመሪያው ማታ ስም ስጠራ እሷ ጋ ደርሼ ቀጥ አልኩ። እናት በስም ትጠራለች እንዴ? ቤት «እታለም» ነው የምላት። ዘለልኳት። ከኋላ ሆና «መምህር፣ የኔንስ ጠራኸው?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስሟን ዛሬም እዚህ አልጠራውም፣ ይቅርታ።

ፊደሉንማ በጆሮዋ ታውቀዋለች። ልጅ ሆኜ ከየኔታ ዘንድ ስመለስ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» እያልኩ ስጮህ፣ እንጀራ እየጋገረች ሰምታለች። ከሀ እስከ ፐ በዜማ ትወርደዋለች። «ብ»ን አሳዪኝ ስላት ግን ጣቷን ከሀ ታስነሳና እያዜመች፣ መስመር በመስመር ሄዳ ሄዳ ነው የምታገኛት። የኔታ አቡጊዳን ለምን እንደሚያስከትሉ ያኔ ገባኝ፤ ፊደሉን ከለመደው ተራ ስለሚያወጣው፣ በቃሉ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ይህ አልታየኝም ነበር።

ደብረ ብርሃንን ካነሳሁ አይቀር ብርዱን ልንገራችሁ። በ1962 ስገባ የያዝኩት አንድ ጋቢ ነው። ከተማው የብርድ ልብስ ፋብሪካ አለው፣ እኔ ግን ብርድ ልብስ የለኝም! ለቤተሰብ ጻፍኩ። ደብዳቤ የሚያነብላቸው የጎረቤት ዲያቆን ነው። ብዙም ሳይቆይ አባቴ በሰው እጅ ገንዘብ ላከልኝ፤ ገዛሁ፤ በሌላ ደብዳቤ አመሰገንኩ።

እናቴ እነዚያን ደብዳቤዎች ሙዳይ ውስጥ አስቀምጣቸው ኖራለች። ትምህርቱ በገፋ ጊዜ፣ አንድ እሑድ፣ ቡና አፍልታ አወጣቻቸው። «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» የሚለውን ሲነበብላት ስለኖረ በሩጫ አለፈችው። ከዚያ ጣቷ ተንቀረፈፈ። ብ... ር... ድ። «ብርድ አልቻልኩም።» ቀና ብላ አየችኝ። ሁለተኛውን አነሳች። «የ... በ... ጉ... ዋ... ጋ... ደረሰኝ።»

«የቱ በግ?» አለችኝ።

ምን እላለሁ? እኔ ታውቃለች ብዬ ነው። ለካ አባቴ እንዳትጨነቅ ብሎ «ብርዱን ዝለለው» ብሎት ኖሯል ዲያቆኑን። በጉን ደግሞ ሸጦ ሲያበቃ «ጅብ በላው» አላት። ከብትና በግ ጠባቂው ታናሽ ወንድሜ ነው። በግ አስበላህ ተብሎ፣ በእሷው እጅ፣ በአርጩሜ ተገርፏል።

ሲኒውን አስቀመጠች። አባቴን አልረገመችም፤ «አይ እሱ!» ብላ ጉልበቷን መታ መታ አደረገችና መሳቅ ጀመረች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ እንባ ዞረ። በማግስቱ ሰው ፈልጋ ወንድሜን ከገጠር አስጠራችው። ዶሮ አረደችለት። የ20 ምናምን ዓመት ጎረምሳ፣ ምን እንደተደረገለት ሳይገባው ፈረሰኛውን በላ።

እሷ ካረፈች ቆየች። ወንድሜ አሁን አያት ሆኗል፣ ከሞጣ አለፍ ብሎ ነው ያለው። ለፋሲካ ስደውልለት «ሃሎ» እንኳ አይልም።

«ጅቡ፣ እንደምን አደርክ?» ነው የሚለኝ።