መስታወቱ ሲነሳ

እንደምን አመሻችሁ። ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ? እሺ። ድምፅ ሳይሞክር የሚጀምር ካሜራማን የለም ብዬ ነው።

ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ርዕሱንም እሱ ነው የሰጠኝ፤ "ለቪዲዮ ዲኤስኤልአር ይሻላል ወይስ ሚረርለስ?" ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ ነው፣ ሚረርለስ ደግሞ መስታወት የሌለው። ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። የዕቁባችን የጋራ ሳጥን ውስጥ ሲክስ ዲ የሚባሉ ሁለት የካኖን ዲኤስኤልአሮች አሉ። ካሜራው የተበላሸበት ወይ የተሰረቀበት አባል ሰርግ እንዳያመልጠው ብለን አዋጥተን የገዛናቸው ናቸው። ይሸጡ ወይስ ይቀመጡ የሚለው ነገር ሦስት ስብሰባ በልቶብናል። ባለፈው እንደውም ሁለት ሰዎች ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተኮራርፈው ወጥተዋል። አንደኛው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ዛሬ ጽፌ መጣሁ። በቃሌ ስናገር ቶሎ እንደምናደድ ባለቤቴም ታውቃለች፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከየት እንደመጣን ላስታውሳችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ካሜራው የሚቆጠረው በነሱ ነውና። 2008 ላይ ኒኮን ዲ90 ወጣ፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር እሱ ነው። በዚያው ዓመት ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ተከተለ። ማርክ ቱ ሲባል እዚህ ያለን ሽማግሌዎች ፊታችን ይበራል። ከዚያ በፊት ትከሻ ላይ የሚቀመጥ የካሴት ካሜራ ነበር የያዝነው። ሙሽሪትም፣ መጋረጃውም፣ ጥግ ላይ የሚያዛጋው አጎትም እኩል ጥርት ብለው ይታያሉ። ማርክ ቱ መጣና ሙሽሪት ብቻ ጥርት አለች፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ደበዘዘ። ሰዉ "ፊልም ይመስላል" አለ፣ እኛም ዋጋ ጨመርን። ልጅ ያስተማርንበት ካሜራ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለኝም።

ግን የናፍቆት ነገር ሆኖ ረስተነው እንጂ አበሳውንም አይተናል። አንዱ ፋይል አራት ጊጋ ሲሞላ ካሜራው ቀጥ ይላል፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ቄሱ ጸሎቱን ሳይጨርሱ ካሜራው አሜን ብሎ ይዘጋል። መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ሹተሩን፣ ማለት መዝጊያው የሚከፈት የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ በእጅ መወሰን አይቻልም ነበር። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ እና የአዳራሹ ፍሎረሰንት ቪዲዮው ላይ ሲርገበገብ ያመሻል። ሹተሩን በእጅ ማስተካከል የመጣው 2009 ላይ ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ደግሞ 2010 ላይ፣ ሁለቱም በሶፍትዌር ማሻሻያ። እስከዚያ ስንት ሰርግ በርገብገብታ አስረከብን፣ እግዜር ይቅር ይበለን።

አሁን ወደ መስታወቱ እንሂድ፤ ጠቡ ያለው እዚያ ነው።

ዲኤስኤልአር ውስጥ ሌንሱን አልፎ የሚገባው ብርሃን መስታወት ላይ ያርፍና ወደ ላይ ወደ ዓይናችሁ ይሄዳል። ከብርሃኑ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ ፎከስ የሚለካ ለብቻው የተቀመጠ ሴንሰር አለ። የዲኤስኤልአር ፎከስ ፈጣን ነው የምንለው በዚህ ሴንሰር ነው። ለፎቶ አሁንም ፈጣን ነው። ቪዲዮ ስትጀምሩ ግን ምን ይሆናል? መስታወቱ ይነሳል። የምታዩበት ቀዳዳ ይጨልማል። ታች ያለው ሴንሰርም ብርሃን አይደርሰውም፣ ይታወራል። ካሜራው ሁለት ዓይን ነበረው፣ ሁለቱንም ጨፍኖ ነው ሪከርድ የሚጀምረው።

እስቲ አስቡት። ቪዲዮ እየቀረጸ ያለ ዲኤስኤልአር መስታወቱ ተነስቷል፣ ሥራ ፈቷል። ያው ሚረርለስ ነው ማለት ነው፤ ግን ከባድ ሚረርለስ፣ ለዚህ ሥራ ያልታሰበ ሚረርለስ። ሁለት ካሜራ እያወዳደርን የሚመስለን ካለን ተሳስተናል።

ይሄንን እኔ ከመጽሐፍ አልተማርኩትም።

ጥር 2005 በኛ አቆጣጠር፣ የሰርግ ጠዋት ነው፣ ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ ነው። ጠባብ ሳሎን ነው፣ ሰው እንደ ባቄላ ተጠቅጥቋል። ከበሮው ደጅ ላይ ይመታል። ሴት አያቷን ከገጠር አምጥተዋቸው ሶፋው ላይ አስቀምጠዋቸዋል፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው። ሙሽሪት ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል መብራት ጠፋ። ያለን የመስኮት ብርሃን ብቻ ነው፣ መስኮቱም ላይ ሰው ቆሟል። ምን ላድርግ? ማርክ ቱ ላይ 85 ሚሊሜትር ሌንስ ገጥሜ ነበር፣ ብርሃን እንዲበዛ እስከ 1.8 ከፈትኩት። ሁለት ሜትር ገደማ ላይ ነኝ። በዚያ ርቀት፣ በዚያ ሌንስ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስድስት ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ከጣት ርዝመት ያነሰ ማለት ነው።

ፎከሱን አያትየው ፊት ላይ አስቀምጬ ነበር። ሙሽሪት ጉልበታቸውን ስትስም ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ፣ እንትፍ እንትፍ አሉባት፣ "ወልደሽ ሳሚ" አሏት። ከዚያ አለቀሱ። እኔም ፎከሱን በእጄ ስፈልግ፣ ከኋላ ያለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ይመስላል። የፎከሱን ቁልፍ ብጫነው ደግሞ ሌንሱ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ ደቂቃም አልሞላም። መብራት መጣ፣ እልል ተባለ፣ ወጣን።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ጥርት ብሎ የወጣው ምን ይመስላችኋል? ከአያትየው ጀርባ የሶፋው መደገፊያ ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ነው። የክሩን ቋጠሮ መቁጠር ይቻላል። አያትና ልጅ ከፊቱ ጭጋግ ሆነዋል።

ለስላሳ ሙዚቃ አስገብቼ፣ ትንሽ ስሎ ሞሽን ነገር አድርጌ "ስታይል ነው" ብዬ አስረከብኩ። አትሳቁ፣ ሁላችሁም አድርጋችኋል። ሰኔ ላይ ሙሽሪት ደወለች። አያቷ አርፈዋል፣ ለአርባቸው ያንን ምርቃት ቤተሰቡ ማየት ፈልጓል፣ ጥርት ያለው ቅጂ የለም ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ወንድሜ፣ ዳንቴሉን ነው እንዴ የቀረጽከው?" አለችኝ። ስድብ አይደለም፣ የምሯን ነው የጠየቀችኝ። ገንዘብ ልመልስ ብላት እምቢ አለች። ብትቀበለኝ ይሻለኝ ነበር።

ታዲያ ይሄንን ታሪክ ለትልልቆቻችን ስነግር ምን ይሉኛል? "ካሜራው ምንም አይደለም፣ ዋናው ከኋላው ያለው ሰው ነው።"

እኔ ይቺን አባባል ጠግቤያታለሁ። በየሥልጠናው አለች። በየስብሰባው አለች። ማን እንደሚናገራት ደግሞ ልብ በሉ፤ ሁልጊዜ ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው ነው! ከኋላው ያለው ሰው እኔ ነበርኩ። በሥራው ላይ ስምንት ዓመት ቆይቼ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ቦታዬን አልሳትኩም። ካሜራው ነው ያላየው። "ባለሙያ ፎከስ በእጁ ነው የሚይዘው" ትላላችሁ። የፊልም ሰዎች እኮ ፎከስ ብቻ የሚይዝ ሌላ ሰው አላቸው። ሜትር ዘርግተው ይለካሉ፣ መሬት ላይ ምልክት ይለጥፋሉ፣ ተዋናዩ ከሳተም ይደግምላቸዋል። አያት ትደግምልሃለች? "እማማ፣ ይቅርታ፣ ምርቃቱን ከመጀመሪያው" ይባላል?

ዛሬ 2020 ላይ የወጣውን ሶኒ ኤ7ኤስ 3 ብትይዙ፣ ወይ የካኖን አር6ን፣ ፎከሱ የሚለካው ምስሉን የሚይዘው ራሱ ሴንሰር ላይ ነው። የሚጨልም ነገር የለም። ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ሰውየው ጎንበስ ሲል አብሮት ይሄዳል። አይስትም አልልም፣ ሚዜ በመሃል ሲያልፍ ይሳሳታል፣ ነጠላ ፊት ላይ ሲወርድ ግራ ይገባዋል። ግን ዳንቴል ከአያት አያስበልጥም።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ነገር መጣሁ። ሰብሳቢ፣ ሰዓቱን አትይ።

ሐምሌ 2016 በኛ አቆጣጠር፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የካሜራ ዋጋ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። እና አንድ ልጅ እናቱን አስለምኖ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ያለ የሌለውን ይዞ "ጋሼ፣ ቪዲዮ ልጀምር ነው፣ ምን ልግዛ?" ብሎ ይመጣል። እኛ ምን እናደርጋለን? የሰለቸንን ዲኤስኤልአር ከሳጥን አውጥተን፣ አቧራውን ጠርገን፣ "ይሄ እኮ ፊልም የተሠራበት ካሜራ ነው" ብለን እናሸክመዋለን። ብሩን ይዘን ሄደን ለራሳችን ሚረርለስ እንገዛለን። በቀጣዩ ጥር ያው ልጅ ሁለተኛ ካሜራ ሆኖ ከኛ ጋር ሲሠራ ደግሞ ኤዲቲንግ ላይ ቁጭ ብለን "ይሄ ልጅ ፎከስ አያውቅም" እንላለን። ዓይኑን የሸጥንለት እኛ! ካሜራው ምንም ካልሆነ ለምን አንተ ቀየርክ? መልሱልኝ እስቲ። ካሜራው ምንም ካልሆነ ለምን አንተ ቀየርክ!

እኔም ሸጫለሁ። ያንን ማርክ ቱ፣ የዳንቴሉን፣ ለአንድ ልጅ ሸጥኩት። ሁሉን እያወቅኩ። ልጁ ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፣ አንገቱን ደፍቷል፣ እኔ ነበርኩ መድፋት ያለብኝ። በሚቀጥለው ወር ዕጣዬ ከወጣ ልዩነቱን እሞላለታለሁ። ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩ፣ ባለቤቴ ቤት ስገባ ትጠይቀኛለች።

የቀረውን በፍጥነት ልጨርስ።

ዲኤስኤልአር ሁሉ አንድ አይደለም፣ እውነቱን እንነጋገር። ካኖን 2013 ላይ በ70ዲ ፎከሱን ሴንሰሩ ላይ አመጣው። 80ዲ ያላችሁ ሰዎች በደንብ ትሠሩበታላችሁ፣ አትንኩት። ፋይቭ ዲ ማርክ ፎርም ፎከሱ ጥሩ ነው፣ ፎርኬም፣ ያ በጣም ጥርት ያለው ቪዲዮ፣ አለው፤ ግን ፎርኬ ስታደርጉት ምስሉን በ1.74 ይቆርጠዋል። ሰፊ የሚያሳየው 24 ሚሊሜትር ሌንስ 42 ገደማ ሆኖ ይጠባል። በዚያች ጠባብ ሳሎን ግድግዳ ካልፈረሰላችሁ በቀር አይሆንም። 64 ጊጋ ሚሞሪ ደግሞ በአሥራ ሰባት ደቂቃ ይጨርሳል።

ሌላ፣ ቀሚሱ። እኩለ ቀን ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ስትቀርጹ የዲኤስኤልአር ስክሪን ፀሐይ ላይ አይታይም፣ ቀዳዳው ደግሞ ጨልሟል። ኮት ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን ስክሪን ስናይ የኖርን ሰዎች ነን። ሚረርለስ ላይ ዓይናችሁን ቀዳዳው ላይ አድርጋችሁ፣ ብርሃኑ ሲበዛ ቀሚሱ ላይ የሜዳ አህያ መስመር ይመጣል፣ ትቀንሳላችሁ፣ ጥለቱ ይተርፋል። አለቀ።

የሚረርለስ ጣጣም አለ። ዘመናዊዎቹ ባለ 10 ቢት፣ ማለት ቀለም የበዛበት ከባድ ፋይል ስለሚሰጡ ኤዲተራችሁ ኮምፒውተሩ ሲቆምበት ይረግማችኋል። የመጀመሪያዎቹ ሶኒዎች ባትሪ አንድ ሰርግ ላይ አምስት ስድስት ይበላ ነበር፤ ከኤ7 3 ወዲህ ነው የተሻለው። አንዳንዱ ይሞቃል፤ ካኖን አር5 መጀመሪያ ሲወጣ 8ኬ ላይ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነበር የሚሄደው። ሌንስ ስትቀይሩ ደግሞ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ነው ያለው፣ መስታወት አይከልለውም። በዚህች ቁፋሮ በማያልቅባት ከተማ መንገድ ላይ ሌንስ የሚቀይር ሰው ሴንሰሩን ሲያስጠርግ ይኖራል። መኪና ውስጥ ግቡና ቀይሩ።

ሌንስ ስል፣ ሌንሳችሁን አትሽጡ። ካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ 44 ሚሊሜትር ነው፣ በካኖን ሚረርለስ 20። በመሃል አዳፕተር፣ ያ ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኘው ቀለበት፣ የሚገባበት ቦታ ተርፏል፣ የድሮው ሌንስ እንደ ራሱ ልጅ ይሠራል። ሶኒ ላይም ይገጠማል፣ ግን ፎከሱ አንዳንዴ ያኮርፋል። በተቃራኒው የሚረርለስ ሌንስ ዲኤስኤልአር ላይ አይሆንም፣ ቦታ የለውም።

ካኖንም ኒኮንም ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። ዛሬ ያልሸጥነውን በሚቀጥለው ዓመት የሚገዛን የለም።

ወደ ሳጥናችን። ሁለቱ ሲክስ ዲ ቪዲዮ ሲቀርጹ ፎከስ እየተከተሉ አይሄዱም፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም የላቸውም፣ ድምፁ መግባት አለመግባቱን የምታውቁት ቤት ስትገቡ ነው። ፎቶ ብቻ ለሚሠራ ሰው ግን አሁንም ግሩም ካሜራዎች ናቸው። የእኔ ሐሳብ፤ ለፎቶ አንሺ፣ "ለፎቶ ነው" ብለን በግልጽ ነግረን እንሽጣቸው። ለቪዲዮ ጀማሪ አንሸጥም፣ ይሄ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ከጋራ ካዝናችን ጨምረን አንድ ሚረርለስ እንግዛ፣ ሁለት አይደለም፣ አንድ፣ ከአዳፕተርና ከሦስት ባትሪ ጋር። ሌንሶቹ ሳጥኑ ውስጥ ይቆዩ።

ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው፣ ሽታው እዚህ ድረስ መጥቷል። የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ። ጸሐፊ፣ ቁጠር። ከኋላ ያላችሁ ከፍ አድርጉት፣ አይታይም።