የፕላዝማው ቁልፍ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። አንድ ፎቶ ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ ስለሱ ላውራችሁ።

ፎቶው የተነሳው ደብረ ብርሃን ነው፣ በ2000 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። 12ኛ ክፍል ጨራሾች ነን። በአራት ረድፍ ቆመናል፣ የፊተኞቹ ተንበርክከናል። እኔ ከፊት፣ ከግራ ሦስተኛዋ ነኝ። ሁላችንም ከዩኒፎርማችን በላይ ነጭ ቲሸርት ደርበናል፤ ደረቱ ላይ «ሚሊኒየም ባች» ይላል። ያኔ ጋውን የዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የእኛ ጋውን ያ ቲሸርት ነው። መስከረም 1 አዲሱን ሺህ ዓመት ተቀብለን በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ስንጨርስ፣ ዘመኑ ለእኛ ሲባል የተለወጠ ይመስለን ነበር። የቲሸርቱ ጀርባ በፊርማ ተሞልቷል፤ ፎቶው ላይ አይታይም እንጂ እናቴ እስከ ዛሬ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች።

ባለፈው ወር የዚያ ባች ልጆች ቴሌግራም ላይ ተሰባሰብን። በአካል እንገናኝ ተባለና የስም ዝርዝር መውጣት ጀመረ። እኔም የማስታውሳቸውን ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው መሀል የአንዷን ስም ያየ ልጅ «እሷ እኮ ባቻችን አይደለችም፤ 10ኛ ላይ ቀርታለች» አለ። በክፋት አይደለም። ያለው እውነት ነው፤ ፎቶውም ላይ የለችም። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስሟን እዚህ አልጠራም፤ ፈቃዷን አልጠየቅኩም። ጓደኛዬ እያልኩ ልቀጥል።

9ኛ ክፍል የገባነው በ1997 ነው። እስከ 8ኛ ድረስ የተማርነው በአማርኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ እንደ ማንኛውም አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። 9ኛ ስንገባ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነ። ይሄ በታላላቆቻችንም ላይ የደረሰ ነው። በእኛ ላይ የተጨመረው ፕላዝማው ነው። በዚያ ዓመት ክፍሎቹ ውስጥ ትልልቅ ፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተሰቀሉ። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በሳተላይት ይለቀቅና በአንድ ሰዓት አገሩን በሙሉ ያዳርሳል። ደብረ ብርሃን ያለነው እኛ፣ አርባ ምንጭ ያሉት፣ ሐረር ያሉት፣ ያቺኑ መምህርት በዚያችው ደቂቃ እናያለን። መጀመሪያ ሲበራ እኮ አጨብጭበናል! ቴሌቪዥን በቤቱ የሌለው ልጅ ይበዛ ነበር።

ያላጠናችሁበት ካላችሁ አሠራሩን ልንገራችሁ። መምህራችን ይገባል፣ ለጥቂት ደቂቃ ስለ ዕለቱ ትምህርት ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ዳር ይቆማል። ማስተማሩ የፕላዝማው ነው። ሲያበቃ በተረፈችው ደቂቃ መምህሩ ሊያብራራ ይሞክራል፤ ደወሉ ግን አይጠብቀውም። ፕላዝማውም አይጠብቅም። ጥያቄ ይሰጥና ሰዓት ይቆጥራል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ «ዌል ደን» ብሎ ያልፋል። እኛ ጥያቄውን ገና አልገለበጥነውም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዚያ ቀን ትምህርት ቀረ ማለት ነው፤ በማግስቱ ስታበሩት ቀጣዩ ርዕስ ላይ ይጠብቃችኋል። ሰዎች ይሄን ሲያነሱ ይስቃሉ። እኔ አልችልም። ያን «ዌል ደን» ሰምተው ችግሩ የራሳቸው ጭንቅላት የመሰላቸውን ልጆች ስለማውቅ ነው።

ቴሌቪዥኑ የሚቀመጠው በሚቆለፍ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። የክፍላችንን ቁልፍ የምትይዘው ጓደኛዬ ነበረች። የክፍል አለቃ ስለሆነች አይደለም፤ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ስለምትደርስ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ እስክሪብቶ በጣት መያዝ ያቅታል። እሷ ግን ጋቢዋን ተከናንባ፣ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ ትጠብቀናለች።

ከገጠር የመጣች ነበረች። እንደሷ ካሉ ሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አባቷ በገበያ ቀን በአህያ ስንቅ ያመጡላታል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ በኩባያ ቅቤ። የሰፈራቸው ሰው መብራት የሚያየው ከተማ ሲወጣ ነው። እንግዲህ ያቺ ልጅ ናት የፕላዝማው ባለ ቁልፍ። አባቷ አንድ ቀን ግቢ ድረስ መጥተው አይተዋታል። ሳጥኑን ከፍታ ስታበራው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በር ላይ ቆመው ቀሩ። እሳቸው ክፍሉን ለቀው እስኪሄዱ መምህሩ አንድ ቃል አልተናገረም። ያ መምህር ለዚያች ዝምታ ምስጋና ይገባዋል።

አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት ነው የምንቀመጠው። ፕላዝማው ስለሚቀድመን ዘዴ ፈጠርን፤ ዘዴው የሷ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ከግማሽ በላይ ያለውን እኔ እጽፋለሁ፣ ከግማሽ በታች ያለውን እሷ፣ ሦስተኛዋ ምንም ሳትጽፍ ታዳምጣለች። በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን እንገጣጥመዋለን። ከዚያ እሷ ሒሳቡን በአማርኛ ታስረዳናለች። እኔ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ነበርኩ፤ ማይክ መጀመሪያ የያዝኩት እዚያ ነው። የልደት መልካም ምኞት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የፀረ ኤድስ ክበብ ግጥም አንብቤ እስክመለስ ደብተሬን ሞልታ ትጠብቀኛለች። የ9ኛና የ10ኛ ደብተሮቼን ባለፈው ሳምንት ከቆጥ አስወርጄ አየኋቸው። ግማሹ የእጅ ጽሑፍ የእኔ አይደለም።

ከዚያ ማትሪክ መጣ። በ1998 መጨረሻ ተፈተንን፣ ክረምቱን ጠበቅን። ያኔ ብሔራዊ ፈተና 10ኛ ላይ ነው፤ ነጥቡ የሞላለት ወደ መሰናዶ፣ 11ኛና 12ኛ ያልፋል። ያልሞላለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል፤ አስር ሲደመር አንድ፣ አስር ሲደመር ሁለት፣ አስር ሲደመር ሦስት ይባል ነበር። ወይም ወደ ቤቱ ይመለሳል። አስቡት፤ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ ወረቀት።

ውጤት የመጣ ቀን ግቢው ጭቃ ነበር። እኔ አለፍኩ። ሦስተኛዋ ጓደኛችን አላለፈችም። ባለ ቁልፏ ጓደኛዬም አላለፈችም፤ ሒሳቧ ኤ ነው፣ እንግሊዝኛው ጎተታት። ከሩቅ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባ፣ ወረቀቱን አራት ቦታ አጣጥፋ በኋላ በር ወጣች። መሄድ እችል ነበር። ሮጬ መድረስ እችል ነበር። ካለፉት ጋር ተቃቅፌ እየዘለልኩ ስለነበር አልሄድኩም። ነገ እሄዳለሁ አልኩ፤ ነገ ስሄድ ክፍሉን ለቀዋል። ሞባይል በየእጁ ያለበት ጊዜ አልነበረም። ይኸው እስከ ባለፈው ወር ድረስ አልፈለግኳትም። ሌላ ምክንያት የለኝም።

መስከረም 1999 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀመር የድሮው ክፍላችን የፕላዝማ ሳጥን ቁልፉ ጠፍቷል ተባለና በብረት መጋዝ ተቆረጠ። ድምፁን እኛ ከመሰናዶው ክፍል ሰምተነዋል። ለምን እንደሆነ አላሰብኩበትም።

የ11ኛና የ12ኛ ጊዜ ቶሎ አለፈ። ከተማችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎችን መንገድ ላይ እያየን እኛም ልንሆን ነው አልን። ሚሊኒየሙ መጣ። ኦቶግራፍ ተጻጻፍን፤ የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው መምህር፣ የመጨረሻ ቃል። ከዚያ ፎቶው።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ 12ኛ ትጨርሳለች። ከለር ዴይ አላቸው፣ መጽሔት ያሳትማሉ፣ ጋውን ይለብሳሉ። ደስ ይለኛል፣ በጣም። የ10ኛው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል፤ እነሱ 9ኛ አብረው ገብተው 12ኛ አብረው ይደርሳሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ወንፊቱ ግን አልተነሳም፣ ወደ መጨረሻው ነው የተዛወረው። በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ከተዛወረ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ያኔ ከ890 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ 3.3 በመቶ። በዓመቱ 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ኩረጃውን ማስቆም ተገቢ ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን ከመቶ ዘጠና ምናምኑ ልጅ ከወረቀቱ በኋላ በየትኛው በር እንደሚወጣ ማን ነው የሚያየው? የእህቴን ልጅ የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አጠገብሽ የምትቀመጠው ማን ናት? ቤቷን ታውቂዋለሽ?» አልኳት። «አላውቀውም» አለች። ሂጂና እይው አልኳት።

ጓደኛዬን አገኘኋት። ስልኳን በሰው በሰው አፈላልጌ ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለች፤ ድምፁ ራሱ ነው፣ ትንሽ ወፈር ከማለቱ በቀር። ስሜን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «አንቺ! አለሽ?» አለች። ልብስ ስፌት አስር ሲደመር አንድ ተምራ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የራሷ ስፌት ቤት አላት። ሁለት ልጆች አሏት። አባቷ አርፈዋል።

ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ስለዚያ ቀን። «አይ፣ እኔም ብሆን እዘል ነበር» አለችኝ። ይሄን ስትል እንዳላለቅስ ከንፈሬን ነክሻለሁ።

የባቹን መገናኛ ነገርኳት፤ ነይ አልኳት። «እኔ እኮ አልተመረቅኩም፣ ምን ብዬ እመጣለሁ?» አለች። ለዚህ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ግን ሳልናገር እሷ ቀጠለች። «ታውቂያለሽ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለችኝ። የትኛው ቁልፍ አልኳት። «የፕላዝማው ነዋ!»

ውጤት የመጣ ቀን አንገቷ ላይ ነበር። አገር ቤት ከደረሰች በኋላ ነው ያስታወሰችው። መስከረም ላይ ለቴክኒክ ምዝገባ ከተማ ስትመጣ ልትመልሰው ሄደች። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቋት፤ የአምናውን አሳየቻቸው። «ልጄ፣ ይሄ አልፎበታል፤ የዘንድሮ ተማሪ ካልሆንሽ አይገባም» አሏት። ቁልፍ ልመልስ ነው ለማለት አፈረች። ዞራ ሄደች። እኔ እኮ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ነበርኩ፤ ምናልባትም ማይክ ይዤ የጠፋ መታወቂያ እያስነገርኩ።

ቁልፉ ከሥልጠናና ከሥራ ፍለጋ፣ ከስንት ኪራይ ቤት ጋር ተንከራቶ አሁን የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከመርፌና ከክር ጋር ተቀምጧል። «ልጣለው ስል እጄ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። «ለማን ነው የምመልሰው ግን?»

ማታውን ስሟን ዝርዝሩ ላይ መልሼ ጻፍኩት። ከሥሩ የሦስተኛዋን ስም፣ ከዚያ 10ኛ ላይ የቀሩትን፣ ያስታወስኳቸውን ሁሉ ጨመርኩ። ያ ልጅ ምንም አላለም፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም እኔ የረሳኋቸውን ሁለት ስሞች ጻፈ።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ የምደርሰው ስፌት ቤቱ ነው። ደብተሮቹን ይዣለሁ። በቸር ሰንብቱልኝ።