100% ይላል፣ መብራት ሲሄድ ግን አይቆይም፦ የላፕቶፕ ባትሪ ለምን ያረጃል?

(በስክሪን፦ 100% የሚል የባትሪ ምልክት)

ላፕቶፓችሁ መቶ ፐርሰንት ሞልቷል ይላል። መብራት ይሄዳል። አንድ ሰዓት ሳይቆይ ድርግም! ቁጥሩ አልዋሸም። መቶው የሚለካው ባትሪው ዛሬ መያዝ ከሚችለው ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ ከነበረው አይደለም። ጀሪካኑ ሞልቷል፣ ግን ጀሪካኑ ራሱ ጠቧል።

ምን ያህል እንደጠበበ ማወቅ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈቱ።

(በስክሪን፦ powercfg /batteryreport)

ይህን ትዕዛዝ ጻፉና ኢንተር በሉ። ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠው ይነግራችኋል፤ በብራውዘር ክፈቱት። «ዲዛይን ካፓሲቲ» (ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም) እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» (ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው) የሚሉትን ፈልጉ። የመጀመሪያው 50,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 35,000 ከሆነ ባትሪው የቀረው አቅም 70% ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ይህን እዛው ሻጩ ፊት አድርጉት። «ባትሪው አሪፍ ነው» ሁሉም ይላል።

እዛው «ሳይክል ካውንት» የሚል አለ። ዛሬ ግማሹን ተጠቅማችሁ ሞላችሁ፣ ነገም ግማሹን፤ ሁለቱ ተደምሮ አንድ ሳይክል ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መሰካት ሳይክል አይጨምርም። አፕል የአሁኖቹ ማክቡኮች እስከ 1,000 ሳይክል ድረስ 80% አቅማቸውን እንዲይዙ አድርጌ ሠርቻለሁ ይላል። ብዙዎቹ ሌሎች ላፕቶፖች ከ300 እስከ 500 አካባቢ ነው የሚታሰብላቸው።

ግን ባትሪ ሳትነኩትም ያረጃል። ውስጡ ሊቲየም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይመላለሳል። አንዱ ጫፍ ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው፤ እሱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በጊዜ እየወፈረ ሊቲየሙን ይዞ ያስቀራል። እዛ ተይዞ የቀረው ሊቲየም አይመለስም። ይህን የሚያፋጥኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀትና ሙሉነት። መቶ ፐርሰንት ላይ ባትሪው ውስጥ ካሉት ትንንሽ ክፍሎች (ሴሎች) አንዱ ወደ 4.2 ቮልት ይደርሳል፣ ያኔ ኬሚካሉ ይጨነቃል። ሞልቶም ግሎም ለሰዓታት ከቆየ በጣም ይጎዳል።

«አዲስ ላፕቶፕ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ቻርጅ ይደረግ»፣ «ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ አትሰኩት» ሲባል ሰምታችኋል። ይህ የድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች ምክር ነው። ሶኒ ሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ያወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ባትሪው ተቀየረ፣ ምክሩ ግን እስካሁን ከሱቅ አልወጣም። እንዲያውም ሊቲየምን ዜሮ እያደረሱ መጠቀም ይጎዳዋል።

(በስክሪን፦ የ80% ገደብ ማስተካከያ)

ሌኖቮ፣ አሱስ፣ ዴል፣ ኤችፒ፦ ብዙ ሞዴሎቻቸው ቻርጅ 80% አካባቢ እንዲቆም የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። አንዳንዱ በኩባንያው አፕ፣ አንዳንዱ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ። የውጭ ቪዲዮዎች ሁሉ «80 ላይ አቁሙት» ይላሉ። እነሱ ሰፈር መብራት አይሄድማ! እኛ ጋ ገደቡ የሚያስቀርባችሁ 20% ሥራችሁን ሴቭ የምታደርጉበት ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተሰክቶ የሚውል፣ ጀነሬተርም ያለው ላፕቶፕ 80 ላይ ይቁም። ሰፈራችሁ መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ መቶ አድርጉት። ባትሪ ለእናንተ እንጂ እናንተ ለባትሪ አልተፈጠራችሁም። ለወራት የምታስቀምጡት ከሆነ ግን ግማሽ አድርጋችሁ አጥፉት።

ሙቀቱ ላይ ግን ድርድር የለም። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፣ አየር መግቢያው ይደፈናል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት። ሰመራ፣ ጋምቤላ፣ ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሰው የበለጠ ተጠንቀቁ።

በአንድ ቻርጅ ብዙ ለመቆየት? የስክሪን ብርሃን ቀንሱ፣ የማትፈልጉትን ታብ ዝጉ። በቃ።

ታችፓዱ ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል። አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ እንዳትወጉት፣ እንዳትጫኑት፤ ለባለሙያ ስጡ። አዲስ ባትሪ ስታስገጥሙ ከሱቁ ሳትወጡ ያንን ሪፖርት እንደገና አውጡ። አንዳንድ ላፕቶፕ ሳይክሉን አያሳይም። ካሳየና በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነ «አዲስ» ብለው የሸጡላችሁ አሮጌ ነው፣ እዛው መልሱት።