ለላምም ሰባት ቤት ይቆጠራል

ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ አለይኩም።

የተከበራችሁ የኮምቦልቻና የአካባቢዋ አርቢዎች፣ ከደሴ ድረስ የመጣችሁ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፤ ስለ ቤተሰባችን የራያ ከብቶች ተናገሪ ስባል በመጀመሪያ ያሳሰበኝ ምን ይዤ እንደምመጣ ነው። ኮርማ አዳራሽ አይገባም። ስለዚህ ይህን ደብተር ይዤ መጣሁ።

ደብተሩ የአባቴ ነው። ሽፋኑ በቅቤና በእበት ጠቁሯል። የተጻፈው በእርሳስ ነው፤ የብዕር ቀለም ዝናብ ሲነካው ይለቃል ይል ነበር። አንዱን መስመር ላንብብላችሁ፦ «ቦራ። እናቷ ጉራቻ፣ አያቷ ወርቄ፣ አባቷ የቆቦው ኮርማ። በሰኔ ተወለደች።» ከጎኑ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የተጨመረ አለ፦ «ቀንዷ እንደ አያቷ ወጣ።»

ከደብተሩ በፊት መዝገቡ የአያቴ ጭንቅላት ነበር። እኛ ሰዎች ስንጋባ ሰባት ቤት እንቆጥር የለ? አያቴ ለላምም ይቆጥሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው «ዘንድሮ ደግሞ ማንን ሊድሩ ነው?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በ1950ዎቹ ከቆቦ አራት ጊደሮች ገዝተው በእግር እየነዱ ያመጡት እሳቸው ናቸው። በ1977 ድርቅ በሬዎቹን በማይረባ ዋጋ ሸጠው የቀሯቸውን ሁለት ጊደሮች ይዘው ወደ ጨፋ ወረዱ። በሬ ሸጦ ጊደር የሚያስቀር ገበሬ በዚያን ጊዜ እንደ እብድ ነበር የሚቆጠረው። ዛሬ በረቴ ውስጥ ያሉት ላሞች ሁሉ የእነዚያ የሁለቱ ዘር ናቸው። ከዚያም በፊት በክፉ ቀን የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶት ነበር። (በሽታውን ደስታ ያለው ሰው ምን አይቶ እንደሆነ እንጃ፤ ዓለም ከእርሱ ነፃ መሆኗ የተነገረው በ2003 ነው።)

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልግባ። በገበያችን ቀድሞ የሚሸጠው የትኛው ወይፈን ነው? ደረቱ ሰፊ፣ ወገቡ ረጅም የሆነው፣ ፈጥኖ ያደገው ነው። ነጋዴው ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ይፈልገዋል፤ አለዚያም እኛው አኮላሽተን እናደልበዋለን። ሰንጋ ደግሞ ዘር አይተውም። ከላሞቹ ጋር የሚቀረው ነጋዴው ዞር ብሎ ያላየው ነው፤ የመንደሩም ጥጃ ሁሉ የእርሱ ልጅ ይሆናል። ከዚያ «የራያ ከብት ድሮ ቀረ» እንላለን። ድሮ አልቀረም፤ በላነው እኮ! በቅርጫ ተካፈልነው።

ምርጡን ማስቀረት ብቻም አይበቃም። አባቴ ዳልቻ የሚባል ኮርማ ነበረው። ውበቱን ለማየት ሰው ከሐርቡ ድረስ ይመጣ ነበር። አባቴ ወደደውና ሰባት ዓመት አቆየው። በመጨረሻ ከተወለዱት ጥጆች አንዱ መንጋጋው ጠማማ ነበር፤ መጥባት አቃተው። እንገሩን በጠርሙስ አጠጣነው፤ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ሌሎቹም ከሲታዎች ነበሩ። አባቴ ማታ በኩራዝ ደብተሩን ገልጦ ሲያይ በአንድ መስመር ላይ ዳልቻ የሚለው ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዴ በአባት ቦታ፣ አንዴ በአያት ቦታ። አንድም ቃል አልተናገረም። በሳምንቱ ዳልቻ ተሸጠ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ላም ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፤ የእኛ ጊደር ለኮርማ የምትደርሰው በሦስት ዓመቷ ገደማ ነው። ስለዚህ ኮርማ ሥራ ከጀመረ አራት ዓመት ሳይሞላው ከበረቱ መውጣት አለበት፤ አለዚያ የገዛ ልጆቹን ያጠቃል። ይህን የሚነግረን ዓይናችን ሳይሆን ጽሑፉ ነው።

የቦረናን ከብት እዩ። መነሻው የእኛው አገር ደቡብ ነው። ኬንያ ውስጥ ያሉ አርቢዎች ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ማኅበር መሥርተው ዘሩን በመዝገብ ያዙት፤ የተሻሻለ ቦረና ብለውም ለሌሎች አገሮች ሸጡት። እኛ ከብቱ እያለን ወረቀቱ የለንም።

ማዳቀልን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ለወተት ሁለት የሆልስታይን ዲቃላዎች አሉኝ፤ ከቢራ ፋብሪካው የሚወጣውን የገብስ ተረፈ ምርት ከራያዎቹ ቀድመው ይጨርሱታል። የሚያድሩት ግን በተለየ በረት ነው፤ ስማቸውም በዚህ ደብተር የለም።

አባቴ ደብተሩን ለእኔ ሲሰጥ ወንዶቹ ልጆቹ አዲስ አበባ ስለገቡ ነው ተብሏል። ይሁን። እርሳሱንም ጨምሮ ነው የሰጠኝ።

እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኮርማ እንለዋወጥ። የእኔ ቡላ ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመት ተኩል ሆነው፤ መውጫው ደርሷል። ከእርሱ ጋር የማይዛመድ፣ ያልተኮላሸ፣ የሁለት ዓመት የራያ ወይፈን ያመጣልኝ ሰው ቡላን ነድቶ ይሄዳል፤ ገንዘብ አልጠይቅም። ሰኞ ባቲ ገበያ ስለምውል አታገኙኝም፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን በረቴ ክፍት ነው። ወይፈኑን ከማየቴ በፊት የእናቱን ስም እጠይቃለሁ።