ወይኑ ነው ወይስ ቦታው?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እናንተና እኔ ብቻ ነን። የምናወራው ቅዳሜና እሁድን ወይን ወደሚለማበት ጸጥ ያለ ገጠር ወጥቶ ወይን ስለ መቅመስ ነው። አንድ ጥያቄ አለ፤ ሄዶ ከቀመሰ ሰው ሁሉ አፍ የማይጠፋ። እዚያ ሲቀምሱት ልብ የሚሰርቅ ወይን ቤት መጥቶ ሲከፈት ለምን ተራ ይሆናል?

መንገዱ አበላሸው የሚሉ አሉ። ልክ የሚሆኑበት ጊዜም አለ፣ እመለስበታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን መጀመሪያውኑ የጣፈጠው ወይኑ ብቻ አልነበረም። ዝምታው፣ ተዳፋቱ ላይ የተሰለፈው የወይን ተክል፣ የአምራቹ ወሬ፣ ሁሉም አብሮ ተጠጥቷል። ዓይን ብቻውን እንኳ አፍንጫን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ፣ በፈረንሳይ የወይን አገር በቦርዶ በተደረገ አንድ ጥናት ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ለ54 የወይን ጠመቃ ተማሪዎች ቀረበ። ተማሪዎቹም ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚውሉ ቃላት ነበር። ተማሪዎቹ ሙያውን የሚማሩ ናቸው፤ እኛማ እንዴት አንታለል?

ስለዚህ በቁጥር እንጀምር። ለቅምሻ የሚቀዳው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ቦታ 5 ዓይነት ቢቀርብና በ50 ቢሰላ 250 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የጠርሙስ ሲሶ ይሆናል። ሦስት ቦታ ከዞራችሁና ሁሉንም ከዋጣችሁ ሙሉ ጠርሙስ ጨርሳችኋል ማለት ነው። ሦስተኛው ቦታ ላይ ሁሉም ወይን ድንቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው መትፋት ነው። ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አምራቾቹ ግን ራሳቸው ይተፋሉ፣ መትፊያውም ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። ከንፈርን አሹሎ በአንድ ቀጭን ጅረት መልቀቅ ልምድ ይጠይቃል፤ ቤት ውስጥ በውኃ ተለማመዱት። የተፋ ሰውም ቢሆን ጥቂት አልኮል ወደ ደሙ መግባቱ አይቀርም፤ የሚነዳው ሰው ጭራሽ ባይቀምስ ይሻላል።

በቀን ሦስት ቦታ ይበቃል፤ እኔ ብጠየቅ ሁለት እላለሁ። ጠዋት፣ አፍንጫ ሳይደክም፣ ከቡናና ከጥርስ ሳሙና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ርቆ። ሽቶ አትቀቡ፤ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችሁንም ብርጭቆ ያበላሻል። ቅደም ተከተሉ አረፋ ያለው፣ ደረቅ (ማለትም የማይጣፍጥ) ነጩ፣ ሮዝ ቀለም ያለው ሮዜው፣ ቀላሉ ቀይ፣ ከባዱ ቀይ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጩ ነው። ጣፋጩ ከቀደመ ከኋላው የሚመጣው ደረቅ ወይን ሁሉ ሆምጣጣ ይመስላል።

ብርጭቆውን በእግሩ ያዙት። መጀመሪያ ሳትነቀንቁ አሽትቱ፣ ከዚያ አዙራችሁ ድገሙት። ትንሽ ተጎንጩና በከንፈራችሁ መሐል አየር እየሳባችሁ አፋችሁ ውስጥ አንከባልሉት፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር ከጉሮሮ ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነውና። ከዋጣችሁ ወይም ከተፋችሁ በኋላ ምራቅ ቢሞላባችሁ ያ አሲድ ነው። ድድና ጉንጫችሁ ቢደርቅና ቢጨማደድ ደግሞ ታኒን የሚባለው፣ ከወይኑ ፍሬ ልጣጭና ዘር የሚመጣው ነገር ነው፤ ከምራቅ ፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ ልስላሴውን ይወስደዋል። ጀማሪ እነዚህን ሁለቱን ከለየ በቂ ነው። ምላስን በክልል ከፋፍሎ ጣፋጩ ከፊት፣ መራራው ከኋላ የሚለውን ሥዕል ግን እርሱት፤ ስህተት ነው።

እርጥብ ካርቶን ከሸተታችሁ ጥፋቱ የቡሽ ነው። ብርጭቆ በመነቅነቅ አይለቅም፤ በትሕትና ንገሯቸው፣ ሌላ ጠርሙስ ይከፍታሉ። የተቃጠለ ክብሪት ከሸተተ ግን ታገሡት፣ አየር ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ነጩ በጣም ቀዝቅዞ ምንም ካልሸተተ ብርጭቆውን በመዳፋችሁ እቀፉት፤ ያን ጊዜ ብቻ እግሩን መልቀቅ ይፈቀዳል።

በለቀማ ወቅት፣ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት፣ በደቡብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ለዓይን የሚያምር ነገር ሞልቷል፤ የሚያናግራችሁ ሰው ግን አታገኙም። ቅጠል በሚረግፍበት የብርድ ወቅት ተክሉ ራቁቱን ነው፣ አምራቹ ግን ጊዜ አለው፤ ከበርሜልም ሊያስቀምሳችሁ ይችላል። የበርሜል ወይን ገና ያልተጠናቀቀ ሻካራ ነገር ነውና አትፍረዱበት።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወይኑን ከቦታው ለመለየት የምመክረው ይህ ነው። አስተናጋጁ ማብራራት ሳይጀምር ሦስት ቃል ጻፉ። አንዴ «የቼሪ ሽታ አለው» ካለ በኋላ ቼሪ የማይሸተው ሰው የለም። ልብ የሰረቀውን ወይን አንድ ጠርሙስ ብቻ ግዙ እንጂ በካርቶን አትጫኑ። መኪና ውስጥ ከሰው ጋር ይቀመጥ፤ ፀሐይ የመታው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ወይኑ እየሰፋ ቡሹን ይገፋል፣ ሽታውም የተቀቀለ ፍሬ ይሆናል። መንገድ የሚያበላሸው እንዲህ ነው።

ማታ ማረፊያችሁ ውስጥ ከሌላ ቦታ ከገዛችሁት ተመሳሳይ ወይን ጎን ለጎን፣ ሁለቱንም በወረቀት ሸፍናችሁ፣ ሌላ ሰው ይቅዳላችሁ። የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። ቀዩን ጠዋት ከመቅመሳችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት። እሁድ ጠዋትም እንዲሁ ሸፍናችሁ ቅመሱ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ልብ የሰረቀውን ከመረጣችሁ፣ ወደ አምራቹ ተመልሳችሁ ስድስት ጠርሙስ ግዙ።